ተቀመጥ እስኪሉህ ድረስ

ለይኩን፦ የአራተኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ። የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም እስካሁን አልነገሩትም።

ጉተማ፦ የለይኩን የዶርም ጓደኛ፣ የዚያው ዲፓርትመንት ተማሪ። አንድ ነገር ሦስቴ ካልተነገረው አይገባውም ይባላል። የሚለው ለይኩን ነው።

(ዘመኑ የደርግ ነው። በግንቦት መጨረሻ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው ዳገት፣ ባሕር ዛፉ መሐል። ለይኩን ኮትና ከረባት አድርጎ ከፊት ይሄዳል። ጉተማ ጋቢና ከዘራ ታቅፎ ከኋላ ከኋላው ይከተላል።)

ለይኩን፦ አልለብስም አልኩህ! በዚህ ዳገት፣ በኮት ላይ ጋቢ? ላብ ሊገድለኝ ነው እንዴ?

ጉተማ፦ እላይ ይበርዳል ብዬ ነው እኮ።

ለይኩን፦ እላይ የት? ሰማይ ቤት ነው የምንሄደው?

ጉተማ፦ እንጦጦ።

ለይኩን፦ እንጦጦ መሆኑንማ አውቃለሁ! ለመሆኑ ጋቢው የማን ነው?

ጉተማ፦ የአቶ ኢዶሳ።

ለይኩን፦ የዶርማችን ዘበኛ?

ጉተማ፦ አዎ። ታጥቧል።

ለይኩን፦ ከዘራውስ?

ጉተማ፦ እሱም የሳቸው ነው። እሱ አልታጠበም።

ለይኩን፦ ጉድ ፈላ! ለምርቃት ካባ የተለካሁ ሰው፣ የዘበኛ ከዘራ ይዤ በሰው ፊት ልሂድ?

ጉተማ፦ ውሻ አለ።

ለይኩን፦ የት?

ጉተማ፦ የምንሄድበት ቤት።

ለይኩን፦ (ከዘራውን ቶሎ ይቀበላል።) ከዘራው ይሁን። ጋቢው ግን አይታሰብም። አለቀ።

ጉተማ፦ እሺ። (ጥቂት ከሄዱ በኋላ።) ለይኩን፣ ያ ሰሞኑን ከመጽሐፍ ያነበብክልኝ ምን ነበር? ተመራማሪው ከሕዝቡ ጋር ምን ይሆናል ነው የሚለው?

ለይኩን፦ ይመሳሰላል! ስንቴ ነው የምነግርህ? ሰዎቹ የሚለብሱትን ይለብሳል፣ የሚቀመጡበት ይቀመጣል፣ እንግዳ መሆኑ እስኪረሳቸው ድረስ። ትልቅ ዘዴ ነው።

ጉተማ፦ እዚያ ሰፈር ታዲያ ኮትና ከረባት የሚያደርግ ማነው?

ለይኩን፦ ማንም።

ጉተማ፦ ከቀበሌ የሚመጣ ሰውስ?

ለይኩን፦ (ይቆማል።) አዎ፣ እሱ ያደርጋል።

ጉተማ፦ እንግዲያው መዋጮ ልትሰበስብ የመጣህ ይመስላቸዋላ።

ለይኩን፦ አምጣ ጋቢውን! አምጣ እንጂ፣ ምን ታቅፈኸው ትዞራለህ? (ይለብሳል።) ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ልብ በል። ሳይንስ ማለት ይህ ነው።

ጉተማ፦ ትከሻህ ላይ መለስ አድርገው። እንዲያ። አሁን ሰው መሰልክ።

ለይኩን፦ በፊትስ ምን ነበርኩ?

ጉተማ፦ ተማሪ።

(ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ያልፏቸዋል። አንዷ ለለይኩን ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ አባባ» ትለዋለች። ለይኩን ይኮራል።)

ለይኩን፦ አየህ? ተመሳሰልኩ!

ጉተማ፦ አሁንም ያልገባኝ ነገር አለ። አማካሪህ ጽሑፉን ለምንድን ነው የመለሰብህ?

ለይኩን፦ ነግሬሃለሁ!

ጉተማ፦ ሁለቴ ብቻ።

ለይኩን፦ (እንደ መምህር ከዘራውን ያነሣል።) የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ፣ «ሽምግልናና ባህላዊ የጋብቻ አፈጻጸም በእንጦጦ ተዳፋት»። ላይብረሪ ውስጥ ስለ ጋብቻ የተጻፈ መጽሐፍ አንድ አላመለጠኝም። ሽምግልና አድኃሪ ልማድ መሆኑን፣ የፊውዳል ርዝራዥ መሆኑን፣ ቁልጭ አድርጌ አሳይቻለሁ። ያ ሰውዬ ግን ምን ይለኛል? «ለመሆኑ ሽማግሌ ገብቶ ልጅ ሲጠይቅ በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ?» አላየሁም! «እንግዲያው አይተህ ና። እስከ ሰኞ አይተህ ካልጻፍክ አልፈርምም።» ሰኞ ነገ ነው! ካልፈረመ ደግሞ ምርቃት የለም። እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ በጉን ገዝታ አስራዋለች። ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። በጉ ራሱ የሰማ ነው የሚመስለኝ።

ጉተማ፦ ታዲያ ለምን ሄደህ አላየህም?

ለይኩን፦ ማን ሊያሳየኝ? ኮተቤ ጠየቅሁ፣ የካ ሚካኤል ጠየቅሁ፣ ሾላ ገበያ ድረስ ወርጄ ጠየቅሁ። «ሰው ቤት ልጅ ሲጠየቅ ገብቼ ልመልከት» ስትል እንዴት እንደሚያዩህ ታውቃለህ? መገናኛ ላይ አንዱ ሰላይ ነው ብሎ ሊያስይዘኝ ነበር! ስለዚህ ሌላ መላ መታሁ። ሽምግልናውን ባላየው እንኳ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያላቸውን አንድ አባት ቤታቸው ገብቼ እጠይቃለሁ። ያንን ይዤ ነገ አማካሪዬ እግር ላይ እወድቃለሁ። ምናልባት ያዝንልኝ ይሆናል።

ጉተማ፦ ቤቱን ግን ማን መረጠው?

ለይኩን፦ ዕጣ ነዋ! አንተ ራስህ አይደለህም ስሞቹን ጽፈህ፣ ጠቅልለህ፣ ባርኔጣዬ ውስጥ ከተህ ያወጣኸው? «አቶ ዓምደ ሚካኤል» ብለህ ያነበብከው? ይህ በሙያችን ናሙና ይባላል። ሰው እጁን ሳያስገባ በዕድል ብቻ የሚወጣ።

ጉተማ፦ እውነትም ዕድል ነው።

ለይኩን፦ ገባህ?

ጉተማ፦ እየገባኝ ነው። ስትገባ ግን ወዲያው ትቀመጣለህ?

ለይኩን፦ እንዴት ተደርጎ! ቆሜ ጉዳዬን እናገራለሁ። ባለቤቱ ፈቅዶ ተቀመጥ ሲለኝ ብቻ ነው የምቀመጠው።

ጉተማ፦ ብላ፣ ጠጣ ቢሉህስ?

ለይኩን፦ አልቀምስም! የበላህበትን ቤት እውነቱን አትጽፈውም። ሆድህ ይጽፍልሃል።

ጉተማ፦ ሽማግሌዎቹስ? እነሱ ለጋብቻ ሲሄዱ እንዴት ነው የሚያደርጉት?

ለይኩን፦ ምዕራፍ ሦስት! ሽማግሌ ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ ይገባል። ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል። ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም፣ እህል ውኃ አይቀምስም። አባትየው «ተቀመጡ» ካለ ግን አለቀ፤ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው።

ጉተማ፦ አንተስ?

ለይኩን፦ እኔ ምን?

ጉተማ፦ አንተም አትቀመጥም፣ አትቀምስም። በዚያ ላይ ጋቢና ከዘራ አለህ።

ለይኩን፦ የኔ ሳይንስ ነው! የነሱ ኋላ ቀርነት ነው! ልዩነቱ አይታይህም?

ጉተማ፦ አሁን ታየኝ።

ለይኩን፦ አንተን እኮ ማስረዳት ዳገት ከመውጣት ይከብዳል። መደምደሚያዬን ብታነበው ኖሮ ይህን ሁሉ አትጠይቀኝም ነበር። በቃሌ ልበልልህ፤ «ሽማግሌ ማለት ዕድሜው የገፋ፣ ለምን እንደተላከ የማይገባው፣ ምን እንደተናገረ የማያውቅ ሰው ነው።»

ጉተማ፦ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ድገመው እስቲ።

ለይኩን፦ (ደስ ብሎት።) «ዕድሜው የገፋ፣ ለምን እንደተላከ የማይገባው፣ ምን እንደተናገረ የማያውቅ።»

ጉተማ፦ ይህን እንኳ አልረሳውም። ለይኩን፣ ስንመረቅ የሥራ ምደባ ላይ ባልና ሚስት የሆኑትን አንድ አገር ይመድቧቸዋል ይባላል። እውነት ነው?

ለይኩን፦ ላንተ ምንህ ነው? አራት ዓመት ሙሉ ላይብረሪ ስትመላለስ አንድ መጽሐፍ ሳትጨርስ፣ ሚስት ከየት አምጥተህ ነው?

ጉተማ፦ እዋሳለሁ እኮ።

ለይኩን፦ ሳታነብ ነው የምትመልሰው! ጠዋት ትዋሳለህ፣ ከሰዓት ትመልሳለህ።

ጉተማ፦ የምዋሰው ለመመለስ ነው።

ለይኩን፦ ይህን የመሰለ ሰው ከኔ ጋር ዲግሪ ሊቀበል ነው! አቤት ጊዜ!

(አንድ የእንጨት አጥር ጋ ይደርሳሉ። በሩ ላይ አቶ ኢዶሳ ኩታቸውን አጣፍተው ቆመዋል።)

ለይኩን፦ እኚህ ደግሞ ምን ያደርጋሉ እዚህ?

ጉተማ፦ ይዘውህ ሊገቡ ነው። ቤቱን ያውቁታል። ውሻውም ያውቃቸዋል።

ለይኩን፦ ደህና። አንተስ ምን ትቆማለህ? ና እንጂ።

ጉተማ፦ እኔ አልገባም። አንድ ቤት ውስጥ ተማሪ ሲበዛ ሰው ይፈራል ብለኸኝ የለ።

ለይኩን፦ ብያለሁ?

ጉተማ፦ ትናንት ማታ።

ለይኩን፦ ካልኩ ልክ ነኝ። እንግዲያው እዚህ ጠብቀኝ። አደራ፣ ሰው ቢጠይቅህ ጥናት የሚባል ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ። እኔም አልናገርም። ሰው እንደሚጠና ካወቀ አሳምሮ ነው የሚናገረው፤ ካላወቀ ግን እውነቱ ያመልጠዋል። እኔ የምለው «ጉዳይ ይዘን መጥተናል» ብቻ ነው።

ጉተማ፦ እንደሱ ነው። ልክ እንደሱ በል።

(ለይኩን ጋቢውን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ከአቶ ኢዶሳ ጋር ይገባል። ጉተማ ብቻውን ይቀራል። ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ በአጥሩ ያሾልቃል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይቀነጥባል። ወደ ኪዳነ ምሕረት ዞሮ ያማትባል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ለይኩን እየተንጎማለለ ይወጣል። አቶ ኢዶሳ አልወጡም።)

ጉተማ፦ እህ? እህ? ምን አሉ?

ለይኩን፦ ቀስ በል እንጂ! እንውረድና እየሄድን ልንገርህ። ያንተ አቶ ኢዶሳ ግን ነገሬን ሊያበላሹብኝ ነበር።

ጉተማ፦ (ይደነግጣል።) ምን አደረጉ?

ለይኩን፦ ገና ስንገባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ባለፈው በቀጠሮ እንደተለያየነው» ብለው ንግግር ጀመሩ! አቋረጥኳቸዋ።

ጉተማ፦ አቋረጥካቸው?

ለይኩን፦ «አባቴ፣ ይህን ለኔ ይተዉልኝ፣ የዚህ ነገር ዕውቀቱ ያለኝ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ጉተማ፦ ወይ አምላኬ! አቶ ዓምደ ሚካኤልስ?

ለይኩን፦ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ዛሬ ደግሞ ወጣት ነው ያመጣችሁልኝ» አሉ። «ዕድሜዬን አይዩ፣ የጨረስኩትን መጽሐፍ ይዩ» አልኳቸው። «በሉ ተናገሩ» አሉን። ከዘራዬን ተመርኩዤ፣ «እንጦጦ ላይ ስንት ቤት እያለ የእርስዎ ቤት ደርሶን፣ ጉዳይ ይዘን መጥተናል። እኛ አልመረጥንም፤ ዕጣው ነው የመረጠው» አልኩ።

ጉተማ፦ እሳቸውስ?

ለይኩን፦ «ዕጣው ከሆነማ ከእግዜር ጋር ልጣላ ነው?» አሉ። አስበው! የናሙና አመራረጥ በአንዴ ነው የገባቸው። አንተን ለማስረዳት ስንት ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ጉተማ፦ ከዚያስ? ከዚያስ?

ለይኩን፦ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተማርያም ትኩስ ዳቦና ወተት ይዘው መጡ። ወተቱ አረፋው ገና አልበረደም። «ጉዳዬ ሳይፈጸም ጠብታ አልቀምስም!» አልኳቸው።

ጉተማ፦ ጎሽ! ጎሽ የኔ ወንድም!

ለይኩን፦ አቶ ኢዶሳም እምቢ አሉ። እሳቸው ምን ሳይንስ አላቸው? እኔን አይተው ነው። ውሻውም አልወጣም፣ ከዘራዬን ፈርቶ መሰለኝ። እንግዲህ ጥያቄዬን ጀመርኩ። «ሴት ልጅ አለችዎ?» «አለችኝ።» «አግብታለች?» ዓይናቸውን አፈጠጡብኝና «አግብታ ቢሆን እናንተ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አሉ። «ለማረጋገጥ ነው» አልኩ።

ጉተማ፦ ወይ ጉዴ!

ለይኩን፦ «ሌላ ጠያቂ መጥቶባት ያውቃል?» «አንድ የሾላ ነጋዴ ልኮ ነበር፣ መለስኩት።» «ለምን መለሱት?» «ልጅቷ አልወደደችውማ» አሉ። እኔ ምዕራፍ አራት ላይ ልጅቷ አትጠየቅም ብዬ ጽፌያለሁ። እንግዲህ ተሳስተው ነው።

ጉተማ፦ ማን?

ለይኩን፦ እሳቸው ናቸዋ! ስለ ልጃቸው ተሳስተው ነው። ቀጠልኩ። «ጥሎሽ ምን ይጠብቃሉ?»

ጉተማ፦ ጥሎሽ ጠየቅካቸው? እንደዚያ ፊት ለፊት?

ለይኩን፦ ምዕራፍ አምስት ነው! ምን ልደብቅ?

ጉተማ፦ እና ምን አሉ? በፈጠረህ ንገረኝ፣ ምን አሉ?

ለይኩን፦ «ተማሪ ምን አለው? ልጄን ካከበረልኝ ይበቃኛል» አሉ። የትኛው ተማሪ እንደሆነ እንጃ። ሽማግሌ ናቸው፣ ወሬ ይቀላቅላሉ። ምነው፣ ዓይንህ ምን ሆነ?

ጉተማ፦ የባሕር ዛፉ ነገር ነው። ቀጥል።

ለይኩን፦ የሚገርመው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ ልጠይቅ ሄጄ እሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር! ያውም ስለ ማን? ስላንተ!

ጉተማ፦ ስለኔ?

ለይኩን፦ በመስኮት አይተውሃላ! እንደ ሌባ በአጥር ስታሾልቅ! «ያንን ውጭ የቆመውን ልጅ ታውቀዋለህ?» አሉኝ። «ረዳቴ ነው፣ አራት ዓመት አንድ ዶርም ነው ያደርነው» አልኳቸው። «እንግዲያው ጠባዩን ንገረኝ፤ እዚህ የሚያውቀው ሰው ጠፍቶ ነው የቸገረኝ» አሉ። ነገርኳቸው።

ጉተማ፦ ምን ብለህ?

ለይኩን፦ እውነቱን! «ዘገምተኛ ነው። አንድ ነገር ሦስቴ ይጠይቃል» አልኳቸው።

ጉተማ፦ ለይኩን!

ለይኩን፦ መረጃ አይዛባም! እሳቸው ግን «ሦስቴ የሚጠይቅ ደግ ነው፤ ሳይጠይቅ የሚያውቀው ነው ክፉው» ብለው እኔን እኔን ያዩኛል። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። «አይጠጣም፣ አያጨስም፣ የራሱን ካልሲ ሲያጥብ የኔንም ያጥብልኛል» አልኳቸው። ወይዘሮዋ ከመጋረጃው ኋላ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። «ሰው ሲቸገር እንዴት ነው?» አሉኝ።

ጉተማ፦ (ቀስ ብሎ።) ምን አልካቸው?

ለይኩን፦ (ድምፁ ዝቅ ይላል።) ምን እላለሁ? ሁለተኛ ዓመት ላይ ታይፎይድ የጣለኝን ነገርኳቸው። ፈተና ሰሞን። ሰው ሁሉ ወደ ፈተናው ሲሮጥ አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ውኃ በማንኪያ ታጠጣኝ ነበር። ፈተናው አለፈህና ኮርሱን ከታናናሾቻችን ጋር ደግመህ ወሰድክ። አንድም ቀን አላነሣህብኝም። «ወንድም የለኝም፤ ቢኖረኝ ግን እሱን ይሁንልኝ ነበር የምለው» አልኳቸው።

(ጉተማ ከለይኩን ትከሻ የተንሸራተተውን ጋቢ መለስ ያደርግለታል።)

ጉተማ፦ ይህን ለኔ ብለኸኝ አታውቅም።

ለይኩን፦ ላንተማ ለምን እላለሁ? እዚያው ነበርክ አይደል?

ጉተማ፦ ነበርኩ። ከዚያስ?

ለይኩን፦ ከዚያማ ምንም የለ። ብዙ አቀረቀሩና፣ ቀና ብለው «ተቀመጡ» አሉን።

ጉተማ፦ (ቀጥ ብሎ ይቆማል።) ምን አሉ?

ለይኩን፦ «ተቀመጡ።»

ጉተማ፦ እሳቸው ራሳቸው? በአፋቸው?

ለይኩን፦ በአፋቸው ነዋ!

ጉተማ፦ ተቀመጣችሁ?

ለይኩን፦ ይኸው ሦስቴ ጠየቅህ! ተቀመጥን! እግሬ ሊቆረጥ ነበር! ወተቱንም ጠጣሁ፣ ዳቦውንም በላሁ፣ አቶ ኢዶሳ እንዲያውም ጠላው ላይ ናቸው፣ አልነሣም ብለው ቀሩ።

ጉተማ፦ (ዘሎ ያቅፈዋል። ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ግንባሩን ይስመዋል።) ለይኩኔ! ለይኩኔ!

ለይኩን፦ ኧረ ልቀቀኝ! ጋቢው! ለመቀመጤ ነው እንዲህ የምትሆነው? አይዞህ፣ እግሬ ደህና ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልንገርህ። ከተቀመጥን በኋላ ወተቱን መልሳ ያቀረበችልኝ ልጅቷ ነበረች። የሆነ ቦታ አውቃታለሁ፣ ግን የት እንደሆነ ጠፋብኝ። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «የወሰድካቸውን ሁለት መጻሕፍት አልመለስክም» አለችኝ።

ጉተማ፦ (ሳቁን እየዋጠ።) አንተስ?

ለይኩን፦ ላብ አጠመቀኝ! በምን አወቀች? እንጦጦ ጫካ ውስጥ ተቀምጣ የኔን መጽሐፍ? የቀበሌ ጆሮ መሆን አለባት። ብቻ ተወው። ዋናው ነገር አልተሳካም።

ጉተማ፦ ምኑ ነው ያልተሳካው?

ለይኩን፦ ሽምግልናው ነዋ! (ድንጋይ ላይ ከዘራውን ይመታል።) ነገ አማካሪዬ ፊት ቆሜ ምን ልበል? «ወተት ጠጥቼ መጣሁ» ልበል? ይህን ሁሉ ዳገት ወጥቼ አንድ ሽምግልና ሳላይ ልመለስ! የእንጦጦ ሕዝብ ሽምግልናውን የት ነው የሚደብቀው? እናቴን ምን ልበላት ጉተማ? በጉንስ?

(ከላይ ከአቶ ዓምደ ሚካኤል ቤት እልልታ ይሰማል። ይደጋገማል።)

ለይኩን፦ ምንድን ነው? ማን ወለደ?

ጉተማ፦ ማንም አልወለደም። ለይኩን፣ ምዕራፍ ሦስት ምን ነበር የሚለው? ረሳሁት።

ለይኩን፦ አሁን ነው ምዕራፍ ሦስት? ሽማግሌ ወደ ልጅቷ ቤት ይገባል።

ጉተማ፦ እንዴት ሆኖ?

ለይኩን፦ ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ።

ጉተማ፦ ከዚያስ?

ለይኩን፦ ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል። ቢያቀርቡለትም አይቀምስም። (ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጋቢውን ያያል።) አባትየው የልጁን ጠባይ ይጠይቃል። (ከዘራውን ያያል።) ከዚያ አባትየው...

ጉተማ፦ አባትየው ምን ይላል?

ለይኩን፦ «ተቀመጡ» ይላል።

(ለይኩን ባለበት መሬት ላይ ዘጭ ይላል።)

ጉተማ፦ አሁንስ ማንም ተቀመጥ አላለህም።

ለይኩን፦ ጉተማ! እኔ ሽማግሌ ነበርኩ?

ጉተማ፦ ዋናው።

ለይኩን፦ የማን? ማን ነው የላከኝ?

ጉተማ፦ እኔ። ልጅቷ ብዙነሽ ናት። ላይብረሪ መጽሐፍ የምታውሰን። አራት ዓመት ሙሉ መጽሐፍህ ላይ ማህተም ስትመታልህ አንድ ቀን ቀና ብለህ አላየሃትም።

ለይኩን፦ ያቺ! «የምዋሰው ለመመለስ ነው» ያልከኝ ለዚህ ነው?

ጉተማ፦ ስዋስ አንዴ አያታለሁ፣ ስመልስ አንዴ።

ለይኩን፦ እና ለምን አልነገርከኝም? ወንድምህ አይደለሁም?

ጉተማ፦ በጥምቀት ሰሞን ነግሬህ ነበር! ሽማግሌ ሁነኝ ብዬ ለምኜህ ነበር! «እኔ የፊውዳል ርዝራዥ ተላላኪ አልሆንም» ብለህ እስኪመሽ ሌክቸር ሰጠኸኝ። ምን ላድርግ? አቶ ኢዶሳ ያገሬ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ባለፈው ሄደው ሲጠይቁ አቶ ዓምደ ሚካኤል «ልጁ አገሩ ሩቅ ነው፣ ጠባዩን የሚያውቅ ሰው አምጡልኝ» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ከጊምቢ ዘመዶቼ እስኪመጡ ምደባው ይወጣል። ወዴት እንደሚጥሉኝ ማን ያውቃል? ትቻት መሄድ አልቻልኩም ለይኩን። ከአንተ በላይ ደግሞ ማን ያውቀኛል?

ለይኩን፦ ዕጣውስ?

ጉተማ፦ ባርኔጣው ውስጥ ሌላ ስም አልነበረም።

ለይኩን፦ ውሻውስ?

ጉተማ፦ ውሻ የላቸውም።

ለይኩን፦ (ይነሣል፣ ይቆጣል።) እንዴት እንዲህ ትሠራኛለህ? ሳላውቀው! ሳትነግረኝ!

ጉተማ፦ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ሰው ካወቀ አሳምሮ ነው የሚናገረው፣ ካላወቀ ግን እውነቱ ያመልጠዋል ብለህ። ብታውቅ ኖሮ የታይፎይዱን ነገር ታወራላቸው ነበር?

ለይኩን፦ (ያስባል።) አላወራም። መጽሐፍ ነበር የምጠቅስላቸው።

ጉተማ፦ መጽሐፍ ብትጠቅስላቸው ደግሞ እስካሁን እንደቆምክ ነበርክ።

(እልልታው እንደገና ይሰማል። ለይኩን ፊቱ ቀስ በቀስ ይፈካል።)

ለይኩን፦ ቆይ! ቆይ! እንግዲያው አየሁ እኮ! ሽምግልና አየሁ! በዓይኔ! ማየት ብቻ ነው እንዴ፣ ሠራሁት! ቀጠሮው፣ መቆሙ፣ አለመቅመሱ፣ የልጅቷ ፈቃድ ሳይቀር! ነገ አማካሪዬ ይፈርማል! ጉተማ፣ ልመረቅ ነው!

ጉተማ፦ በጉን እግዜር ይሁነው።

ለይኩን፦ (እየዘለለ ሁለት ርምጃ ይወርድና በድንገት ይቆማል።) ወይኔ! መደምደሚያው!

ጉተማ፦ ምን ሆነ?

ለይኩን፦ «ሽማግሌ ማለት ዕድሜው የገፋ፣ ለምን እንደተላከ የማይገባው፣ ምን እንደተናገረ የማያውቅ ሰው ነው» ብዬ ጽፌያለሁ! አሁን ይህን ሁሉ እንዴት ብዬ ነው እስከ ነገ የምለውጠው?

ጉተማ፦ ሁሉንም ለምን ትለውጣለህ? ዕድሜውን ብቻ አስተካክለው።